ድምፅን የሚያጠራው ሳጥኑ ነው ወይስ ኮምፒዩተሩ?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ሰሞኑን በሚኒ ሚዲያ ክበባችን የተነሣው ክርክር ይህንኑ ተረት አስታወሰን። ነገሩ እንዲህ ነው። ክበቡ ከአባላት መዋጮ ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ አለች። «ምን እንግዛባት?» ሲባል ግማሾቻችን «ለድምፅ ብቻ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ይገዛ፤ ኮምፒዩተር ለጽሑፍ እንጂ ለድምፅ አይሆንም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ኮምፒዩተር እያለ ሌላ ሳጥን ምን ያደርጋል?» አልን። ክርክሩ ከክበቡ ወጥቶ እስከ ምግብ አዳራሽ ዘለቀ። ይህን የሰሙ አንድ መምህራችን «በአፍ ከምትጣሉ ሞክሩትና ያገኛችሁትን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ጻፉት» አሉን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

«ሙዚቃ መስማት የትርፍ ጊዜ ነገር ነው፤ ይህን ያህል ምን ያጨቃጭቃል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለእኛ ግን ጉዳዩ የጀመረው ከሙዚቃ ሳይሆን ከመማሪያ ክፍል ነው።

በክፍል ውስጥ የደረሰብን

ለልምምድ ማስተማር ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች የቃል ጽሕፈት ዓረፍተ ነገሮችን በሞባይል ቀዳንና በትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር አሰማናቸው። «ንብ አበባ ቀሰመች» የሚለውን ከኋላ የተቀመጡት ብዙዎቹ «ከሰመች» ብለው ጻፉት። «ውሃው ጠራ» የሚለው ደግሞ «ውሃው ተራ» ሆነ። እኛም ቀይ እስክሪብቷችንን አውጥተን ኤክስ፣ ኤክስ አደረግንበት።

ኋላ ላይ፣ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ፣ እኛው ራሳችን መጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ያንኑ ቅጂ አዳመጥን። እውነትም «ቀ» ይሁን «ከ» አይለይም! እንግዲህ የተሳሳትነው እኛ ነን እንጂ ልጆቹ የሰሙትን ነው የጻፉት። ደብተራቸውን መልሰን ብንሰበስብም ቀዩ ቀለም አይጠፋም። በዚህ ዓይነት ስንቱ ልጅ ሳያጠፋ «ሰነፍ» ተብሎ ይሆን?

ምክንያቱን በጥቂቱ እንግለጽ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ አየር በጉሮሮ ታግዶ በድንገት ሲለቀቅ የሚወጡ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ከከ፣ ከተ እና ከመሳሰሉት የሚለዩበት ምልክት የሚቆየው ከሴኮንድ በመቶኛ በሚቆጠር ቅጽበት ብቻ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። የአናባቢዎች ጉልበት በዝቅተኛው ንዝረት ላይ ሲያርፍ፣ ተነባቢን ከተነባቢ የሚለየው ምልክት ግን በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 8,000 ባለው ቀጭን ክፍል ይገኛል። ይህ ቀጭን ክፍል ሲጠፋ ንግግሩ «ይሰማል»፤ ቃሉ ግን አይለይም።

ሁለቱ መሣሪያዎች ምን ምን ናቸው?

ፈረንጆቹ «ስትሪመር» የሚሉት መሣሪያ የዳቦ ቅርጫት ክዳን የምታህል ወይም ከዚያም ያነሰች ሳጥን ናት። መጻፊያ የላትም፤ አብዛኞቹ ሰፊ ስክሪንም የላቸውም። ሥራዋ አንድ ነው፤ ይኸውም ሙዚቃን ከኢንተርኔት ወይም ከፍላሽ ተቀብላ ለአምፕሊፋየር ማቀበል ነው። በስልክ ትታዘዛለች። ኮምፒዩተር ደግሞ ሁላችንም እንደምናውቀው ይጽፋል፣ ይደምራል፣ ፊልም ያሳያል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ድምፅም ያጫውታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። ሳጥኗ ተከፍታ ብትታይ ውስጧ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው! እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበችው፣ መዳፍ የማትሞላው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለች ኮምፒዩተር ለዚህ ምስክር ናት። ለተማሪዎች መማሪያ ተብላ በ35 ዶላር መሸጥ የጀመረች ናት፤ ሙዚቃ ወዳጆች ግን ነፃ ፕሮግራም እየጫኑባት በቤታቸው ስትሪመር አድርገዋታል። ስለሆነም ክርክሩ «ኮምፒዩተር ወይስ ሌላ ነገር» ሳይሆን «ሁሉን የሚሠራ ኮምፒዩተር ወይስ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ኮምፒዩተር» የሚል መሆን ነበረበት።

ደብዳቤው እና አንባቢው

ድምፅ ወደ ቁጥር የሚለወጥበት መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። በሲዲ ላይ ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ አንድን ንዝረት በትክክል ለመያዝ ከእጥፉ በላይ ጊዜ መለካት ያስፈልጋል፤ ጆሯችን የሚሰማው ጣሪያ ደግሞ 20,000 ነው። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል። ግራና ቀኝ ስላለ በሁለት እናባዛ፦ 44,100 ሲባዛ በ16፣ ሲባዛ በ2፣ 1,411,200 ቢት በሴኮንድ ይሆናል። ሙዚቃ ማለት እንግዲህ ረጅም የቁጥር ደብዳቤ ነው።

አሁን አንድ ሰው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ደብዳቤ ላከ እንበል። ደብዳቤው በአውቶቡስ ሄደ፣ በሚኒባስ ሄደ፣ በእግረኛ እጅ ሄደ፣ ፊደሉ አይለወጥም። እስከደረሰ ድረስ «ሀ» ብሎ የተጻፈው «ሀ» ነው። ኮምፒዩተሩና ሳጥኗም ቁጥሩን በማድረስ ረገድ እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ያመጣው ቁጥር ሌላው ካመጣው አይበልጥም። ልዩነት የሚመጣው ደብዳቤው ደርሶ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። ጉሮሮው የታመመ ሰው ካነበበው፣ ወይም ገበያ መሐል ከተነበበ ይበላሻል። ይህን ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠውን «አንባቢ» ባለሙያዎች «ዳክ» ይሉታል። በኮምፒዩተርም፣ በሳጥኗም፣ በስልክም ውስጥ አለ። ጣት የምታህል ሆና ለብቻዋም ትሸጣለች፤ በኮምፒዩተሩ የፍላሽ መሰኪያ ላይ ትሰካለች።

የእኛ ሙከራ

ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከውጭ አገር ሲመጡ እንዲህ ያለች ሳጥን አምጥተው ፍኖተ ሰላም ቤታቸው አስቀምጠዋል። ጋሼን አስፈቅደን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፓችንን ተሸክመን ሄድን። ቤታቸው አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከሮች አሉ። አንድ ዓይነት ፋይል በሁለቱም ላይ ጫንን፤ አንድ የበገና፣ አንድ የዋሽንት፣ አንድ የንግግር።

መጀመሪያ ዝም ብለን እያፈራረቅን ሰማን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ሳጥኗ ትበልጣለች! ጥርት ያለች ናት!» አልን። ጋሼም ደስ አላቸው። ቆይተን ስናጤነው ግን የሳጥኗ ድምፅ ከኮምፒዩተሩ ከፍ ብሎ ኖሯል። ጆሮ ደግሞ ትንሽ ጮክ ያለውን «የጠራ» ይለዋል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ የሁለቱን ከፍታ እኩል አደረግን። ከዚያም አንዳችን መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ገመዱን ሳይነግረን ሲቀያይር ሌሎቻችን «ይኼ ሳጥኗ፣ ይኼ ኮምፒዩተሩ» እያልን በወረቀት ጻፍን።

ውጤቱ አሳፈረን። አንዴ እንስታለን፣ አንዴ እናገኛለን፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻልንም። በሳጥኗ ሲምሉ የነበሩት ጋሼም ኮምፒዩተሩን «ይኼ የኔዋ ናት» ብለው ጻፉ፤ ከልባቸው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን እንደማይሰማ ለመግለጽ ነው፤ እኛ ግን በዚያ ቀን ሌላም ትርጉም አገኘንለት። ጆሮ ዓይን ያየውን ተከትሎ ባለቤቱን ያታልላል።

ታዲያ ልዩነት የለም ማለት ነው?

አይደለም፤ አለ። ያለው ግን የተከራከርንበት ቦታ ላይ አይደለም።

አንደኛ፣ ጉርምርምታ። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ በስፒከሩ ውስጥ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቻርጀሩን ስንነቅለው ጠፋ። የመብራት ኃይላችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚዋዥቅ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩና አምፕሊፋየሩ ሁለቱም ከግድግዳ መብራት ሲሰኩ ያ ንዝረት በገመዱ በኩል ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ከኮምፒዩተሩ የራሱ የውስጥ ክፍሎችም ጫጫታ ይጨመራል። ሳጥኗ በዚህ በኩል ጸጥተኛ ናት። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በባትሪ ማጫወት፣ ወይም ያችን ጣት የምታህል ዳክ መጠቀም።

ሁለተኛ፣ ጣልቃ ገብነት። ኮምፒዩተር በበገናው መሐል «ቲንግ» ብሎ መልእክት ያሳውቃል፤ ማቀዝቀዣው ይጮሃል፤ ዊንዶውስም ድምፆችን ለማደባለቅ ሲል ሁሉንም ወደ አንድ ልኬት፣ ብዙ ጊዜ ወደ 48,000፣ ይለውጣል። ይህ የመጨረሻው በጆሮ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ «ቲንግ» የሚለው ግን ያበሳጫል። ማሳወቂያውን መዝጋት ነው።

ሦስተኛ፣ መብራት። ሳጥኗ የምትፈጀው ኃይል ከላፕቶፕ በጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሳጥኖች ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ላፕቶፑ ግን ይቀጥላል። በሶላር ለሚኖር የገጠር መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ ዳታ። ሳጥኗ የተሠራችው ኢንተርኔት ሳይቋረጥ በሚገኝበት ቤት እንድትኖር ነው። እስቲ አብረን እናስላ። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሚፈጅ ሙዚቃ በሰዓት 57.6 ሜጋባይት ይበላል። በ320 ኪሎቢት 144 ሜጋባይት ይሆናል። በሲዲ ጥራት ከሆነ በሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን አውታርን የመሰሉ ያገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያዎች መኖራቸው ለአርቲስቶቻችን መልካም ነው፤ ኔትወርክ ለመፈለግ ኮረብታ ለሚወጣ ሰው ግን አስቀድሞ አውርዶ በሚሞሪ መያዝ ይሻላል። ለዚህ ደግሞ ኮምፒዩተርም ስልክም በቂ ነው።

ጠላ በብርሌ

ከመሣሪያው በላይ የሚወስነው ምንጩ ነው። ኤምፒስሪ የሚባለው አቀማመጥ ፋይሉን ለማሳነስ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን እየቀነሰ ይጥላል። በ128 ኪሎቢት ሲሆን ከሲዲው 11 እጥፍ ያህል ያንሳል። በጥንቃቄ ከተሠራና 256 ወይም 320 ከሆነ ከዋናው ለመለየት ያስቸግራል። 64 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ቀጭኑ ክፍል፣ ያ «ቀ»ን ከ«ከ» የሚለየው፣ ይጎዳል። በገናን ያደመጠ ሰው ያውቃል፤ እንዚራ የተባሉት ቁራጭ ቆዳዎች በአውታሩ ሥር ገብተው የሚሰጡት ያ ንዝረት የበገና ነፍስ ነው። በተጨመቀ ፋይል ላይ ያ ንዝረት ውሃ የገባበት ሬዲዮ ይመስላል።

ለምሳሌ ያህል ከሰፈራችን ሳንርቅ አንድ ነገር እንጥቀስ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ ማንኩሳን እናልፋለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያው ማንኩሳ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ያን ትረካ ሰምቶ ያልወደደ አለ? እኛ ስንወለድ ካሴት ከቤት እየወጣ ነበር፤ ትረካው ግን በስልካችን ደርሶናል።

ታዲያ ይህ ቅጂ እኛ ዘንድ ሲደርስ ስንት ወንዝ ተሻግሯል? የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ በተፈጥሮው ከ5,000 ንዝረት በላይ ያለውን እምብዛም አያሳልፍም። ካሴት የራሱን ሽሽታ ይጨምራል። ከዚያ ተጨምቆ በቴሌግራም ይዞራል፤ አንዱ ደግሞ እንደገና ይጨምቀዋል። በጋሼ ሳጥን ብናጫውተውም፣ በላፕቶፑ ብናጫውተውም ሽሽታው ያው ነው። የደከመውን ፋይል «ፍላክ» ወደሚባለው ምንም ወደማይጥለው አቀማመጥ ብንለውጠው መጠኑ ይጨምራል እንጂ የጠፋው አይመለስም። ጠላ በብርሌ ስለተቀዳ ጠጅ አይሆንም።

ደስ የሚለው ግን የወጋየሁ ድምፅ ያን ሁሉ ተሻግሮም ይገባናል። እኛ አማርኛ ስለምናውቅ የጎደለውን ፊደል አእምሯችን ይሞላዋል። ፊደል በመማር ላይ ያለው ሕፃን ግን የሚሞላበት ነገር ገና የለውም። ለአዋቂ የሚበቃው ድምፅ ለልጅ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ስፒከሩ፣ ክፍሉ እና ርቀቱ

ወደዚያ ትምህርት ቤት በተመለስን ጊዜ አዲስ የገዛነው ነገር አልነበረም። ዓረፍተ ነገሮቹን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን ከአፋችን አንድ ስንዝር አርቀን እንደገና ቀዳናቸው። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገን ሳይሆን በፋይልነቱ ተላላክን፤ የድምፅ መልእክት ይጨመቃል፣ ፋይል ግን እንዳለ ይደርሳል። ብሉቱዙንም ትተን በገመድ አገናኘን፤ ብሉቱዝ ድምፁን በመንገድ ላይ እንደገና ስለሚጨምቀው ነው። «ዱም ዱም» የሚያሰኘውን የስፒከሩን ወፍራም ድምፅ ቀነስን፤ ወፍራሙ ቀጭኑን ይሸፍናልና።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን ስፒከሩን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አንሥተን በክፍሉ መካከል፣ በልጆቹ ጆሮ ከፍታ ላይ ማስቀመጣችን ነው። በሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በክፍል ውስጥ ደግሞ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ እየነጠረ የሚመለሰው ድምፅ የፊተኛውን ቃል ጅራት በኋለኛው ቃል ላይ ይጭናል። ልጆቹን በስፒከሩ ዙሪያ በግማሽ ክብ አስቀመጥናቸው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ምንም መሣሪያ አያድንም፤ ያን ጊዜ አጥፍተን ተረት በምልክት ተጫወትን።

በዚህ ጊዜ ንቧ አበባውን ቀሰመች፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በትክክል ጻፉ። ከጥቂቶቹ አንዱ ከፊት ተቀምጦም፣ በአፋችን ስንነግረውም «ከሰመች» ይላል። ለክፍሉ መምህርት ነገርናቸው፤ ጆሮውን እንዲያሳይ እናቱን አስጠርተው አነጋገሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ልጅ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይባል ነበር። መሣሪያችን ደካማ ሳለ እሱን ከሌሎቹ ለይቶ የሚያይ አልነበረም።

ምን ይሁን ታዲያ?

ከላይ የዘረዘርነውን ስንጠቀልለው እንዲህ ይሆናል። ሳጥኗ መጥፎ ዕቃ አይደለችም። ኢንተርኔትና መብራት በማይቋረጥበት ቤት፣ ኮምፒዩተር መክፈትና መዝጋት ለሚሰለቸው ሰው ምቹ ናት። የሚገዛት ሰው ግን የገዛው ምቾትንና ጸጥታን እንጂ የተሻለ ቁጥርን አለመሆኑን ይወቅ። ደግሞም የብዙዎቹ ሳጥኖች ሥራ በሠሪው ድርጅት አገልግሎት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ድርጅቱ አገልግሎቱን ሲያቆም ሳጥኗ ከአገልግሎቷ ትጎድላለች። ኮምፒዩተር ላይ ግን ፕሮግራሙን መቀየር ይቻላል።

ለክበባችን ያቀረብነው ሐሳብ ስለዚህ የሚከተለው ነው፦

1. ላፕቶፑ ይቆይ፤ ለቀረጻም ለማጫወቻም እሱ ይበቃል።
2. ከገንዘቧ ጥቂቱ ለአንዲት ትንሽ ዳክና ለጥሩ ገመድ ይዋል።
3. የተቀረው በሙሉ ንግግር የሚያጠራ ስፒከር ይገዛበት፤ ሲገዛም በ«ዱም ዱም» ሳይሆን «ቀሰመ፣ ከሰመ፣ ጠራ፣ ተራ» በሚል ቅጂ፣ ከሱቁ ዳር ቆመን እንፈትነው።
4. ክበቡ የሚቀዳው ሁሉ ሳይጨመቅ ይቀመጥ፤ ለመላኪያ የሚሆነው ትንሽ ቅጂ ከዚያ ይሠራ።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ተመድበን የምንሄድበት ትምህርት ቤት ሳጥንም ላፕቶፕም ላይኖረው ይችላል። ስልክና ስፒከር ግን አይታጣም። ያለችውን ይዘን ከማጫወታችን በፊት ሄደን መጨረሻው ወንበር ላይ እንቀመጥ። እዚያ ሆነን የማይለይልንን ድምፅ ለልጅ አሰምተን በቀይ እስክሪብቶ ማረም ግን አይገባንም።

በሐሳባችን የማትስማሙ፣ በተለይም አሁንም በሳጥኗ የምትምሉ የክበባችን አባላት፣ መጋረጃውና ላፕቶፑ ተዘጋጅተዋል፤ ኑና ሞክሩት። ያገኛችሁትንም ጽፋችሁ ከዚሁ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን።